የሳንባ በሽታ በዘር ይወረሳል?

በአንድ ቤት አባትም ልጅም ሲያስሉ በሰፈር የሚባለው የታወቀ ነው፤ «የዘር በሽታ አለባቸው» ይባላል። በዚህ ወሬ የታሰበ ጋብቻ ይፈርሳል። የታመመውም ወጣት «ከደሜ የመጣ ነው፣ ምን አደርጋለሁ» ብሎ ክሊኒክ ሳይሄድ ይቀራል። ስለዚህ ተማሪዎችም ወላጆችም ነገሩን በትክክል ብናውቀው ይጠቅመናል።

በዘር የሚወረስ የሳንባ ችግር አለ። ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ፣ ማለትም የአየር ቧንቧው ጠብቦ ወይም የሳንባ ከረጢቶች ተበላሽተው ትንፋሽ የሚያጥርበት ሕመም፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ከ40 ዓመት በኋላ ነው። ቀደም ብሎ ሲመጣ ሐኪሞች ሌላ ምክንያት ይፈልጋሉ። አንዱ ምክንያት በ1963 እ.ኤ.አ. በስዊድን ታወቀ። ካርል በርቲል ላውሬል የተባሉ ሐኪም 1,500 ያህል የደም ናሙና ሲመረምሩ፣ በ5ቱ ውስጥ አንድ ፕሮቲን እንደጎደለ አዩ። ከስቴን ኤሪክሰን ጋር ሆነው ሲከታተሉም ከ5ቱ ሰዎች 3ቱ ገና በወጣትነታቸው ሳንባቸው ተጎድቶ አገኙ። ፕሮቲኑ አልፋ አንድ አንቲትሪፕሲን ይባላል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሥራው ቀላል ነው።

ጀርም ሲገባ ነጭ የደም ሴሎች የሚያሟሟ ኤንዛይም ይለቃሉ። ኤንዛይሙ ሌሊት እንደሚፈታ የግቢ ውሻ ነው። ሌባ ይነክሳል፤ ሲነጋ ካልታሰረ ግን የቤቱንም ልጅ ይነክሳል። ሰንሰለቱ በጉበት የሚሠራው አልፋ አንድ ነው። ይህ የጎደለው ሰው ኤንዛይሙ የራሱን ሳንባ ቀስ በቀስ ይበላዋል። ሲጋራ ካጨሰበት ጉዳቱ እጅግ ይፈጥናል፤ ያላጨሰ ግን ለብዙ ዓመት ደህና ሊኖር ይችላል።

በባዮሎጂ ትምህርት እንደምታውቁት እያንዳንዱን ጂን ከአባትና ከእናት አንድ አንድ እንወስዳለን። ከባዱ ሕመም የሚመጣው ሁለቱም ሲበላሹ ነው። ወላጆች ራሳቸው ሳይታመሙ አንድ አንድ የተበላሸ ቢይዙ፣ እያንዳንዱ ልጅ ሁለቱን የመውረስ ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። አያቶቻችን ለጋብቻ ሰባት ቤት የሚቆጥሩት ስለ ጂን ሰምተው አይደለም፤ ቢሆንም ከሩቅ የተጋቡ ሰዎች አንድ ዓይነት ብልሽት ይዘው የሚገናኙት ከስንት አንዴ ነው።

ይህ የጂን ብልሽት በብዛት ያለው በሰሜን አውሮፓ ሰዎች ዘንድ ነው። በአፍሪካ ብርቅ ነው። አስምም ከዘር ጋር ይያያዛል፤ ሆኖም የአስም በሽተኛ ልጅ ሁሉ አስም አይዘውም፤ ቢይዘውም በአፍ የሚሳብ መድኃኒት አለው።

ታዲያ አባትና ልጅ አብረው የሚያስሉት ለምንድን ነው? በቅድሚያ መጠርጠር ያለበት የሳንባ ነቀርሳ ነው። ይህን በሽታ የሚያመጣውን ባክቴሪያ ሮበርት ኮክ በ1882 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። የሚተላለፈው በአየር ነው። በአንዲት ጎጆ ስድስት ሰባት ሆኖ የሚያድር ቤተሰብ ሲታመም ከውጭ ለሚያይ ሰው የዘር ይመስላል። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ በ6 ወር መድኃኒት ይድናል። ዘግይቶ የታከመ ሰው ግን ባክቴሪያው ቢጠፋለትም ሳንባው ላይ ጠባሳ ቀርቶ ዕድሜውን ሙሉ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። «የዘር ነው» ብሎ የሚጠብቅ የ20 ዓመት ልጅ የሚያጣው ይህን ነው።

ሌላው ጭስ ነው። እናት በእንጨትና በኩበት እንጀራ ስትጋግር ጀርባዋ ላይ ያለው ሕፃን ያንኑ ጭስ ይስባል። ሳንባ እስከ 20 ዓመት ገደማ ያድጋል፤ በልጅነቱ የተጎዳ ሳንባ ሙሉ መጠኑ ላይ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። በገዳሪፍ ደግሞ የበጋው አቧራ አለ፤ ወጣቶቻችን ማሽላና ሰሊጥ ሲወቁ የሚውጡት ብናኝም አለ። በበጋ ደጅ ማብሰል ይቻላል። በክረምት ዝናብ እንደማይቻል እናውቃለን፤ ቢያንስ ደረቅ እንጨት መጠቀምና ሕፃኑን ለሌላ ሰው መስጠት ነው። ሲወቃ አፍንጫን በነጠላ መሸፈንም ጥቂት ይረዳል።

ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው የአክታ ምርመራ ያስፈልጋል። ክሊኒክ ስትሄዱ በቤተሰብ ውስጥ ማን፣ በስንት ዓመቱ እንደታመመ፣ ሲጋራ ያጨስ እንደነበረም ለነርሷ ንገሯት። ሐኪሙ የዘሩን ከተላላፊው የሚለየው ከዚህ ተነሥቶ ነው።