98.4፦ የናይሮቢው የዘፈን ጣቢያ

ሬዲዮ ለብዙዎቻችን ዜና ማለት ነው። ማታ ማታ የጀርመን ድምፅን ከፍተን የአገር ቤቱን ወሬ እንሰማለን። ልጆቻችን ግን ዘፈን ነው የሚፈልጉት። በክፍል ውስጥ የስዋሂሊ ግስ ስናስረዳ የሚያዛጉት ተማሪዎች የናይሮቢን ዘፈን አንድ ቃል ሳያጎድሉ ይሉታል። ታዲያ ይህ ዘፈን እንዴት ወደ ሬዲዮ ገባ?

ኬንያ ነፃ ከወጣች በኋላ መንግሥት የሬዲዮ ጣቢያውን እ.ኤ.አ. በ1964 ወርሶ «የኬንያ ድምፅ» አለው፤ በ1989 ደግሞ ኬቢሲ የሚለው ስም ተመለሰ። ስሙ ይቀያየር እንጂ ባለቤቱ ያው መንግሥት ነበር። ካፒታል ኤፍኤም በ98.4 ሥራ የጀመረው በ1996 ሲሆን ከአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ የግል ኤፍኤም ጣቢያዎች አንዱ ነው። ኋላ ላይ ባለቤቱ የሆኑት ባለሀብቱ ክሪስ ኪሩቢ፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው 2021 ድረስ የናወጠ ሀብታም ሆነው ሳለ፣ «ዲጄ ሲኬ» ተብለው ራሳቸው የሮክ ሙዚቃ ያቀርቡ ነበር። ሀብታም ደስ ያለውን ይሠራል መቼም!

የእንዲህ ዓይነት ጣቢያ አሠራር ቀላል ነው። ጥቂት ዘፈኖች ይመረጡና በቀን ደጋግመው ይሰማሉ፤ አድማጭ ይበዛል፤ ነጋዴም ለማስታወቂያ ይከፍላል። ዝርዝሩ ውስጥ የገባ ዘፋኝ ታወቀ ማለት ነው፣ ያልገባው ቀረ። በመጀመሪያ ዝርዝሩን የሞሉት በአብዛኛው የአሜሪካና የእንግሊዝ ዘፈኖች ነበሩ። የሰፈር ልጅ በሼንግ፣ ማለትም ስዋሂሊና እንግሊዝኛን በቀላቀለው የናይሮቢ ወጣቶች ቋንቋ፣ የሚዘፍነውን ማን ይሰማዋል?

በ1999 ጣቢያው አዲስ ዘፋኝ የሚፈለግበት ውድድር አዘጋጀ። «ኔምለስ»፣ ስም የለሽ እንደ ማለት፣ የተባለው ወጣት «ሜጋራይደር» በሚለው ዘፈኑ ብቅ አለ። ልጁ በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የአርክቴክቸር ተማሪ ነበር። በእኛ አስተያየት ጣቢያው ከሠራው ሁሉ ይህ ይበልጣል፤ ምክንያቱም አንድ ሰው በሩን ሲከፍት ሌላው ተከትሎ ይገባል። እንደነ ኢ-ሰር ያሉትም ገነኑ። የሚያሳዝነው፣ ኢ-ሰር በ2003 ገና በ21 ዓመቱ በመኪና አደጋ ሞተ።

በ2000 ኪስ 100 እና በኪኩዩ ቋንቋ የሚያሰራጨው ካሜሜ ኤፍኤም ስለመጡ ፉክክሩ ጠነከረ። በ2002 ደግሞ ጊዲ ጊዲ ማጂ ማጂ የተባሉት ሁለት ወጣቶች «አንብዎጌብል» የሚል ዘፈን አወጡ። የሉኦን ቃል በእንግሊዝኛ ቅጥያ አስረዝመው የሠሩት ቃል ሲሆን የማይፈራ፣ የማይበገር ማለት ነው። የተቃዋሚዎች ኅብረት ዘፈኑን የምርጫ መዝሙሩ አደረገው፤ ከ1963 ጀምሮ የገዛው ካኑም በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ምርጫ ተሸነፈ። ዘፈን ብቻውን መንግሥት ጣለ አንልም። ሕዝቡ በአደባባይ ሲዘፍነው ግን የናይሮቢ ልጆች ቋንቋ ከሰፈር ወጥቶ አገር አቀፍ ሆኖ ነበር።

ከሁለቱ ዘፋኞች አንዱ ጊዲ፣ በኋላ ሬዲዮ ጃምቦ ገብቶ የጠዋት ፕሮግራም አቅራቢ ሆኗል።