ቤንዚኑ ከቤት ይውጣ፣ ስለ ሞተሩ ቀስ ብለን እንመክራለን

በያሆዴ በዓል ሰሞን ቤተሰቡ ሁሉ ሆሳዕና ወላጆቼ ቤት ተሰብስቦ ነበር። አተካናው ቀርቦ፣ ልጆቹ ጓሮ ውስጥ እየተሯሯጡ፣ የትልልቆቹ ወሬ ሁሉ ስለ አንድ ጀልባ ሆነ። የእህቴ ባል ከጓደኞቹ ጋር ተዋጥቶ በግልገል ጊቤ ሦስት ሐይቅ ላይ ዓሣና ሰው የሚያመላልስ ያገለገለ ጀልባ ገዝቷል። ጀልባው ሆድ ውስጥ የተቀመጠው ከአሮጌ መኪና የወጣ የቤንዚን ሞተር ነው። ነዳጁ አላዋጣ ቢለው "በናፍታ ሞተር እንቀይረው" ብሎ ደቡብ አፍሪካ ላለው ወንድሜ ደወለ። ወንድሜ ገንዘቡን ከመላኩ በፊት አባባን ጠየቀ። አባባ ደግሞ ነገሩን ወደ እኔ አዞሩት።

የእኛ ቤት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ አላነሳውም ነበር። በሀዲያና በከምባታ ከተሞች ከደቡብ አፍሪካ በመጣ ገንዘብ ባጃጅ፣ አይሱዙ፣ ወፍጮ ወይም የውሃ ፓምፕ ያልገዛ ሰፈር ማግኘት ይቸግራል። "ሞተሩን ብንቀይረውስ?" የሚለው ጥያቄም አንድ ቀን የማይደርስበት ቤት ጥቂት ነው።

ጀልባ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ጣናን፣ ሐዋሳን ወይም ጫሞን ነው። እኛ ዘንድ ቦዮ ሐይቅ ቢኖርም ጥልቀት የለውም። ነገሩ የተለወጠው 243 ሜትር ቁመት ያለው የጊቤ ሦስት ግድብ ሲሠራ ነው። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ግድብ ውሃውን በኦሞ ሸለቆ ወደ ላይ 150 ኪሎ ሜትር ያህል አስተኝቶ የሀዲያንና የያኔውን ከምባታ ጠምባሮ የቆላ ጫፍ አስነካው። አያቶቻችን በእግር ይወርዱበት የነበረው ሸለቆ ዛሬ ሐይቅ ሆኗል።

ስለ ሞተሩ ከማውራቴ በፊት እህቴ ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። ከማድቤቱ ጎን ባለው ዕቃ ቤት፣ የምግብ ዘይት የነበረባቸው ሁለት ቢጫ ጄሪካኖች ቤንዚን ተሞልተው ተቀምጠዋል። አንድ ትንሽ የሃይላንድ ጠርሙስም "ለማስነሻ" ተብሎ አጠገባቸው አለ። ከዚያ አራት እርምጃ ርቆ ቡና የሚፈላበት የከሰል ምድጃ አለ። የሦስት ዓመቱ የእህቴ ልጅ ደግሞ ውሃ ሲጠማው የሚያነሳው ልክ እንደዚያ ያለ የሃይላንድ ጠርሙስ ነው።

ቤንዚን ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ ቢሆን እንኳ እሳት የሚይዝ ትነት ያወጣል። ስለዚህ ለእሱ የሆሳዕና ብርድ ብርድ አይደለም። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ አይበንም፤ እንደ ውሃ ወለል ለወለል ሄዶ ምድጃ ሥር ይደርሳል። ናፍታ ግን ከ50 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ እንዲህ ያለ ትነት አያወጣም። ይህ ማለት ናፍታ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ልጅ ቢጠጣው ሳንባውን ይጎዳዋል። ቤንዚንም ሆነ ናፍታ የጠጣ ልጅ በግድ እንዲያስታውክ አይደረግም፤ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰዳል።

ጀልባ ላይ ነገሩ ይብሳል። መኪና ቤንዚን ቢያንጠባጥብ መሬት ይጠጣዋል፣ ነፋስም ይወስደዋል። የጀልባ ሆድ ግን እንደ ድስት ነው። ትነቱ ከወለሉ ሳንቃ በታች ተጠራቅሞ ይቆይና ሞተሩ ሲነሳ አንድ ብልጭታ ታህል ይበቃዋል። ለጀልባ ተብሎ የተሠራ ሞተር ማስነሻው ብልጭታውን እንዳያስወጣ ተደርጎ የታሸገ ነው፤ የመኪና ማስነሻ እንዲህ አይደለም። በቤንዚን የሚሠራ ጀልባ ያላቸው ጠንቃቆች ከማስነሳታቸው በፊት የሞተሩን ክዳን ከፍተው ያሸታሉ፣ አየር ማስወጫ ካለውም ለአራትና አምስት ደቂቃ ያስነሱታል። ለእኔ ወደ ናፍታ ለመለወጥ ከነዳጅ ቁጠባው የበለጠው ምክንያት ይህ ነው።

ቁጠባውም ቢሆን ቀላል አይደለም። የቤንዚን ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው በካንዴላ ብልጭታ ነው። ናፍታ ሞተር ካንዴላ የለውም። አየሩን ከ16 እስከ 22 እጥፍ አምቆ ያግለውና ናፍታው ሲረጭበት በራሱ ይነዳል፤ ቤንዚን የሚታመቀው ግን ከ8 እስከ 10 እጥፍ ገደማ ነው። በዚህም የተነሳ ለተመሳሳይ ሥራ ናፍታ ሞተር ብዙ ጊዜ ከአንድ አራተኛ እስከ አንድ ሦስተኛ ያነሰ ነዳጅ ይበላል። (ሞተሩን የፈለሰፈው ጀርመናዊው ሩዶልፍ ዲዝል ራሱ እ.ኤ.አ. በ1913 ወደ እንግሊዝ ሲሻገር ሌሊት ከመርከብ ላይ ጠፍቶ መቅረቱን ለአባባ ስነግራቸው፣ "እሱስ ጀልባ ላይ ምን አወጣው?" አሉኝ።)

ችግሩ የሚጀምረው ሥራው ላይ ነው። የሆሳዕና መካኒኮች የአይሱዙን ሞተር እንደ ጓሯቸው እንሰት ያውቁታል። ፖምፓውን ፈትተው ሲገጥሙ ማየት ደስ ይላል። መኪና ግን በነፋስና በራዲያተር ይቀዘቅዛል፤ ጀልባ ሆድ ውስጥ ነፋስ የለም። የሐይቁን ውሃ እየሳበ ሞተሩን የሚያቀዘቅዝ የራሱ ፓምፕና መስመር ያስፈልገዋል። የጭስ ማውጫውም እንዲሁ በውሃ ካልቀዘቀዘ የግለቱ መጠን የእንጨት ጀልባን ያቃጥላል። በቤንዚን እሳት ፈርተን የቀየርነውን ጀልባ በማርሚታ ልናጋየው ማለት ነው።

ክብደቱም አለ። ናፍታ ሞተር ያንን ሁሉ እመቃ የሚችል ወፍራም ብረት ስለሆነ ከቤንዚኑ በብዙ ይከብዳል። የሚቀመጥበት እንጨት ካልተጠናከረ ይሰነጠቃል፤ ከኋላ በዝቶ ከከበደም ጀልባው አፍንጫውን ሰቅሎ ይሄዳል፣ ማዕበል ሲመጣ ውሃ በኋላ ይገባል። ስለዚህ የሚጫነው ሰው ቁጥር መቀነስ አለበት። ይህን ለእህቴ ባል ስነግረው ፊቱ ጠቆረ። ናፍታ ሞተር በዝግታ ግን በጉልበት የሚዞር ስለሆነ ፕሮፔለሩም አብሮ ይለወጣል። የድሮውን ትቶ ሞተሩን ብቻ የቀየረ ሰው ገንዘቡን አውጥቶ ቀርፋፋ ጀልባ ይገዛል።

ሳልባትዮውን ደግሞ "ባዶ ነው" ብሎ ብየዳ ቤት የሚወስድ አለ። ቤንዚን የነበረበት ባዶ ሳልባትዮ ከሞላው ይበልጥ አደገኛ ነው፤ ውስጡ የቀረው ትነት ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ይፈነዳል። አዲስ ማሠራት ይሻላል። ታጥቦ ቢቀጥል እንኳ ናፍታው ውስጥ የሚቀር ጥቂት ቤንዚን የናፍታን ደህንነት ያጠፋዋል፣ ፖምፓውንም ይበላዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሆሳዕና 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ሐይቁ ደግሞ ከ900 ሜትር በታች። እዚህ በብርዱ የተሞላ ጄሪካን እዚያ ቆላ ሲደርስ ያብጣል፤ ሲከፈት ይተነፍሳል። ሞተሩም አየሩ ሲለወጥ ባሕርዩ ይለወጣል። እዚህ ጋራዥ ውስጥ ጥሩ ሠራ ተብሎ ሒሳብ አይዘጋም፤ የመጨረሻው ማስተካከያ ሐይቁ ዳር መሆን አለበት።

ከኋላ የሚንጠለጠል ትንሽ የቤንዚን ሞተር ያላችሁ ይህን ሁሉ አታስቡት። እሱ አይለወጥም፤ በንጽሕና መያዝና ቱቦዎቹን መቀየር ነው።

በመጨረሻ ለአባባ ያልኳቸው ይህን ነው። ጀልባው በየቀኑ ብዙ ሰዓት የሚሠራ ከሆነ መለወጡ ያዋጣል። በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ብቻ ከሆነ የሞተሩ ወጪ ሳይመለስ እንጨቱ ያረጃል። ለማወቅ ደግሞ አንድ ደብተር ይበቃል። በየቀኑ የፈጀውን ሊትር ይጻፉ። በቀን 20 ሊትር ከሆነ ከ5 እስከ 6 ሊትር እንደሚተርፍ ይቁጠሩ፤ የመቀየሪያውን ጠቅላላ ወጪ፣ ፕሮፔለሩንና ማቀዝቀዣውን ጨምሮ፣ በዚያ ይክፈሉት።

ማታ ወንድሜ ደወለ።

"አባባ፣ እንዴት ነው፣ ልላክ ወይስ ልተወው?"

"መጀመሪያ ለሕይወት አድን ጃኬት የሚሆን ላክ" አሉት። "ለሚጫነው ሰው ሁሉ፣ አንድም ሳይጎድል። ሞተሩን ደብተሩ ሲሞላ እናየዋለን።"

ጄሪካኖቹ በማግስቱ ከቤት ወጥተው ጓሮ ጥግ፣ ፀሐይ በማይነካው ቁልፍ ያለው ዳስ ውስጥ ገቡ። የሃይላንዱን ጠርሙስ እማማ ራሳቸው ናቸው ያስወጡት። ደብተሩ ያለው እህቴ እጅ ነው፤ እስካሁን የአሥራ አንድ ቀን ተጽፎበታል።