ሲኮራረፉ ማን ያስታርቅ?

ባል ከፍኖተ ሰላም ማልዶ ወደ ቡሬ ገበያ ይሄዳል። ማታ ሲመለስ እራት ቀርቧል፤ ቃል ግን የለም። በየቤታችን የምናየው ጠብ አብዛኛው ጩኸት ሳይሆን ኩርፊያ ነው።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የእናታችንን የዓኢሻን (ረ.ዐ) ቅያሜ ከመሐላዋ ይለዩት ነበር። ስትደሰት በሙሐመድ ጌታ፣ ሲከፋት በኢብራሂም ጌታ ትምል ነበርና። ይህንኑ ሲነግሯት፣ ብትቆጣም የምትተወው ስማቸውን ብቻ እንደሆነ መለሰችላቸው። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ከእኛ ባሎች ስንቱ ይህን ያህል ያዳምጣል?

ንግግር ካልፈታው፣ ሱረቱ አን-ኒሳእ በ35ኛው አንቀጽ ከባል ቤተሰብ አንድ፣ ከሚስት ቤተሰብ አንድ ሽማግሌ እንዲላክ ያዝዛል። ሁለት መሆናቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እያንዳንዱ የሚሰማው ሰው ያገኛል። እዚህ ግን የብዙዎቻችን ዘመድ ሩቅ ነው፤ ያለው ስልክ ነው። ልጅቱ ለእናቷ ደውላ ታለቅሳለች፣ እሱም ለወንድሙ። ማታ ሁለቱ ይታረቃሉ፤ እናትየው ግን ቂሙን ይዛ ትቀራለች፣ መታረቃቸውን የነገራት የለምና! ስለዚህ ለአንድ ወገን ብቻ ከመደወል፣ ከየወገኑ አንድ አስተዋይ ሰው መርጦ ሁለቱን አብሮ ማስቀመጥ ይሻላል።

ሸሪዓ ፍርድ ቤትም ቢሆን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) መሠረት የሚዳኘው ሁለቱም ሲፈቅዱ ነው። ከዚያ በር ሳይደረስ፣ በንዴት «ፈትቼሻለሁ» የሚለው ቃል ሳይወጣ፣ ሽማግሌዎቹ ይጠሩ።