አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ ምን ይሠራል?

በዋቤ ሸበሌ ወንዝ ላይ፣ አርሲና ባሌ በሚዋሰኑበት አገር፣ መልካ ዋከና የሚባል የኤሌክትሪክ ማመንጫ አለ። ሥራ የጀመረው በ1980 ዓ.ም. ገደማ ነው። የማመንጨት አቅሙም 153 ሜጋዋት ነው። ከዚህና ከሌሎች ማመንጫዎች የሚወጣው ኤሌክትሪክ በአንድ የአገር መስመር ተገናኝቶ ወደ ከተማና ወደ ገጠር ይሄዳል። በጎበሳም ሆነ በአሰላ፣ ቤት ሲደርስ ግፊቱ 220 ቮልት ነው።

ይህ ኤሌክትሪክ አምፖል ያበራል፣ ሬዲዮ ያናግራል፣ እንጀራ ይጋግራል። ሰውም ይገድላል። ስለዚህ በቤታችን ያሉትን ሽቦዎች ለይተን ማወቅ አለብን።

ሦስቱ ሽቦዎች

ለሶኬት የሚሆን የቤት ኬብል ሲላጥ ሦስት ሽቦዎች ይወጣሉ። አንደኛው ፌዝ ይባላል። ኤሌክትሪኩን ወደ ዕቃው የሚያመጣው እሱ ነው። ቀለሙ ቡናማ፣ ጥቁር ወይም ቀይ ይሆናል። ሁለተኛው ኒውትራል ነው። ኤሌክትሪኩን ይመልሳል። ቀለሙ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ነው። ሦስተኛው ኧርዝ ይባላል። የመሬት ሽቦ ማለት ነው። የለበሰው ፕላስቲክ አረንጓዴና ቢጫ ነው።

ፌዝና ኒውትራል ብቻ ከተቀጠሉ ምጣዱ ይግላል። ታዲያ ሦስተኛው ሽቦ ምን ይሠራል? ብዙ ሰው፣ «ያለሱም ይሠራል እኮ! ለምን ገንዘቤን አወጣለሁ?» ይላል። እውነት ነው፣ ያለሱም ይሠራል። አደጋው ያለውም እዚህ ላይ ነው።

ኧርዝ እንደ ጎርፍ መቀልበሻ ነው

ገበሬ ከማሳው ራስ ላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፍራል። ቦዩ በበጋ ደረቅ ነው። አንድ ሰው «ይህ መሬት በከንቱ ቀረ» ብሎ ቦዩን ደፍኖ ቢያርሰው፣ ክረምት እስኪገባ ምንም አይሆንም። ሐምሌ ሲመጣ ግን ጎርፉ መሄጃ ያጣል። በማሳው መካከል ያልፋል፣ ገብሱንም ይጠርገዋል።

ኧርዝም እንደዚሁ ነው። በደህና ቀን ምንም አይሄድበትም። አንድ ቀን ግን በምጣዱ ውስጥ ያለው ሽቦ ተበጥሶ ቆርቆሮውን ነካ እንበል። ያን ጊዜ የምጣዱ አካል በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ኧርዝ ካለ ኤሌክትሪኩ በሱ በኩል ይሄዳል። መስመሩ በደንብ ከተሠራም ቫልቮላው ወዲያው ይቆርጠዋል። ኧርዝ ከሌለ ግን ምጣዱ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሲያዩት ምንም የለበትም። በባዶ እግሯ እርጥብ መሬት ላይ ቆማ የምትጋግር እናት በእርጥብ እጇ ስትነካው፣ ኤሌክትሪኩ በገላዋ በኩል ወደ መሬት ይወርዳል።

ለመግደል ብዙ ኤሌክትሪክ አያስፈልግም። በአንድ ባለ 60 ዋት አምፖል ውስጥ የሚያልፈው 270 ሚሊ አምፔር ገደማ ነው። በሰው ልብ በኩል ካለፈ ግን ከ30 ሚሊ አምፔር ጀምሮ ያለው እንኳ ሕይወትን አደጋ ላይ ይጥላል። ይህም ከአምፖሉ ዘጠኝ እጅ አንዱ ነው።

ምቾትና ደኅንነት

ኧርዝ በሁሉም አገር ፕላስቲክ አይለብስም። በአሜሪካ የቤት ኬብል፣ በእንግሊዝም በግድግዳ ውስጥ በሚቀበረው ኬብል፣ ኧርዙ ራቁቱን የሆነ የመዳብ ሽቦ ነው። ይህ ለሥራ ይመቻል። ኬብሉ ቀጠን ይላል፣ መላጥም አያስፈልግም። ራቁቱን ስለሆነም ማንም ከፌዝ ጋር አያምታታውም። ጉዳቱ ግን ሶኬቱ ውስጥ ሲታጠፍ የፌዙን ብሎን ሊነካ መቻሉ ነው። ስለዚህ የእንግሊዝ ሠራተኞች ጫፉን አረንጓዴና ቢጫ ቱቦ ያለብሱታል።

በእኛ አገር የምናውቀው ኧርዝ እንደ ሌሎቹ ሽቦዎች ፕላስቲክ የለበሰው ነው። ይህ ይበልጥ ይጠብቃል። ነገር ግን የራሱ ፈተና አለው። ሽቦ ያጠረው ሠራተኛ፣ «ይሄም እኮ ሽቦ ነው» ብሎ አረንጓዴና ቢጫውን ለፌዝ ይቀጥለዋል። መብራቱ ይበራል፣ ባለቤቱም ደስ ይለዋል። ከዓመት በኋላ ሌላ ሠራተኛ ይመጣል። ቀለሙን ያይና «ይህ ኧርዝ ነው» ብሎ ከምጣዱ ቆርቆሮ ጋር ያስረዋል። ያን ጊዜ እንዲጠብቅ የተሠራው ሽቦ ራሱ ገዳይ ይሆናል።

ሌላም አለ። አንዳንዱ ወጪ ለመቀነስ ሶኬቱ ውስጥ ኧርዙን ከኒውትራሉ ጋር ያስረዋል። ኒውትራሉ አንድ ቀን ቢበጠስ፣ ሶኬቱ ላይ የተሰካው ዕቃ አካል 220 ቮልት ይይዛል።

ምን እናድርግ?

ከቆጣሪው ወደ ቤት ያለው ሽቦ የባለቤቱ ኃላፊነት ነው። ስለዚህ ለሠራተኛው ሒሳብ ከመክፈላችን በፊት የሚከተሉትን እንመልከት።

1. አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ ከኧርዝ በቀር ለሌላ ሥራ አይዋል። ሽቦ ቢያልቅም፣ ሱቁ ሩቅ ቢሆንም አይዋል።

2. ኧርዙ ከየሶኬቱ ተነስቶ በእርጥብ መሬት ውስጥ ጠልቆ እስከ ተቀበረው ዘንግ መድረሱን «አሳየኝ» እንበል። መንገድ ላይ ተቆርጦ የቀረ ኧርዝ ምንም አይጠቅምም።

3. ዘንጉ ብቻውን ሁልጊዜ ቫልቮላውን አያስቆርጥም። ኤሌክትሪክ ሲያፈስ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ ብሬከር አለ። አቅም ካለን እሱንም እናስገባ።

4. የስፒናን ሦስተኛ እግር አንቁረጥ። ሶኬቱ ካልተቀበለው የሚለወጠው ሶኬቱ ነው።

5. ምጣዱ ትንሽ ከነዘረን፣ «ጫማ አድርጊበት» ተብሎ አይታለፍም። ዋናውን ማጥፊያ አጥፍተን፣ ስፒናውን ነቅለን እናሠራው። ትንሹ ንዝረት የትልቁ መልእክተኛ ነው።

6. ሰው ኤሌክትሪክ ከያዘው በእጃችን አንንካው። መጀመሪያ ዋናውን ማጥፊያ እናጥፋ።

አንድ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል። ወደ ስድሳ የሚጠጉ ባለ 60 ዋት አምፖሎችን ያበራል ማለት ነው። ይህን ያህል ኃይል የሚገባበት ቤት ሦስተኛውን ሽቦ ትርፍ ነው ሊል አይችልም። የሽቦው ዋጋ አንድ ጊዜ ይከፈላል። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።