መጀመሪያ ሒሳቡ፣ ከዚያ እርቁ

ሸሪዓ ፍርድ ቤት በውርስ የሚካሰሱት ባዕዳን አይደሉም፤ አንድ አባት የቀበሩ እኅትና ወንድም ናቸው። ስለዚህም መዝገቡ ገና ሲከፈት ኢማሙም የሰፈር ሽማግሌውም «ሱልህ (እርቅ) ይሻላል» ይላሉ። ቃዲ ብሆንም አልቃወማቸውም። ፍርድ መዝገብ ይዘጋል እንጂ ኩርፊያ አያበርድም፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ደግሞ ሙስሊም ወንድሙን ከ3 ቀን በላይ ማኩረፍ እንደማይፈቀድለት አስተምረዋል።

እኔን የሚያሳስበኝ የእርቁ ዋጋ ከማን ኪስ እንደሚወጣ ነው። ሟች ሚስት፣ ሁለት ወንዶች ልጆችና አንዲት ሴት ልጅ ትቶ ሄደ እንበል። ዕዳውና ኑዛዜው ከተነሣ በኋላ የቀረው ንብረት 40 ቦታ ቢከፈል ለሚስት 5፣ ለእያንዳንዱ ወንድ 14፣ ለልጅቱ 7 ይደርሳል። ሽማግሌዎቹ ግን ይህን ሳያነሱ ወደ እሷ ይዞራሉ፦ «አንቺ ልጅ፣ ባል አለሽ፣ ቤት አለሽ። ወንድሞችሽን ችሎት ማቆም ነውር ነው። ለአላህ ብለሽ አፉ በያቸው።» እሷም አንገቷን ደፍታ «አፉ ብያለሁ» ትላለች። ዱዓ ይደረጋል፤ ቡና ይጠጣል። ወንድም የአባቱን ቤት የሸጠ ቀን ግን ያው ጠብ፣ አንዳንዴም በልጆቿ በኩል፣ ብሶበት ይመጣል።

ሃይማኖታችን ያዘዘው እርቅ እንዲህ ያለውን አይደለም። ሱረቱል ሑጁራት ምእመናን ወንድማማች ናቸውና አስታርቁ ከማለቱ አስቀድሞ፣ ሁለት ወገኖች ሲጋጩ እርቁ በፍትሕ ይሁን ይላል። ሐራሙን ሐላል፣ ሐላሉን ሐራም የሚያደርግ ሱልህ እንደማይጸናም በሐዲስ ተነግሯል። የአገራችን ሕግም ቢሆን ፈቃድን ያስቀድማል፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 እና በአዋጅ ቁጥር 188/1992 መሠረት የሸሪዓ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የሚያየው ተከራካሪዎቹ ወደው ሲቀበሉት ብቻ ነው። ለክስ የተጠየቀ ፈቃድ ለእርቅ እንዴት ይቀራል?

እኔ ዘንድ ሥርዓቱ እንዲህ ነው፦ የእያንዳንዱ ወራሽ ድርሻ በሁሉም ፊት ይሰላል፤ ስንት ብር እንደሚሆን ይነገራል። ከዚያ ልጅቱን ወንድሞቿ በሌሉበት እጠይቃታለሁ። አንዷ ሙሉውን ትወስዳለች፤ ሌላዋ ታካፍላለች፤ «ሐቄ መሆኑን ካመኑልኝ ይበቃኛል» ብላ ሁሉንም የምትተውም አለች። የዚህችኛዋ ይቅርታ እውነተኛ ስጦታ ነው፤ ምን እንደሰጠች ታውቃለችና።

ሽማግሌዎቻችን «አፉ በይ» ከማለታቸው በፊት «ድርሻሽ ይህን ያህል ነው» ቢሏት ግማሽ ሥራዬን ያቀሉልኛል። ኢማሞቻችንም በጁምዓ ስለ ሶብር የሚሰብኩትን ያህል ፈራኢድን (የውርስ ድርሻ ሕግን) ቢያስተምሩ መልካም ነው። ድርሻዋን ሲሰማ የሚቆጣ ወንድም ገና ለእርቅ አልደረሰም፤ መመከር ያለበትም እሱ ነው።