«ዶክተር፣ እኔ ኦሜጋ አይደለሁም ማለት ነው?»



አንዲት እህታችን ከሮቤ በውስጥ መስመር እንዲህ ስትል ጽፋልናለች፦ «ማታ ማታ በስልኬ ኦሜጋቨርስ ሪቨርስ ሀረም የሚባል የእንግሊዝኛ የፍቅር ልብ ወለድ አነባለሁ። እዚያ ላይ ያለችው ሴት ጊዜዋ ሲደርስ ራሷን መቆጣጠር አትችልም። እኔ እንደዛ ተሰምቶኝ አያውቅም፤ ችግር አለብኝ? እጮኛዬ ደግሞ ስልኬን እየበረበረ ይቆጣኛል። አልፋ ወንድ እንደዚህ ነው ብዬ አልፈዋለሁ።»

እህቴ፣ ጥያቄሽ የሚያሳፍር አይደለም። ብዙዎች ይጠይቁታል፤ ጮክ ብለው ግን አይደለም።

👉 ኦሜጋቨርስ ምንድን ነው?
እ.ኤ.አ. ከ2010 አካባቢ ጀምሮ «ሱፐርናቹራል» የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ አድናቂዎች ከጻፏቸው ታሪኮች የመጣ ነው። ሰዎች አልፋ፣ ቤታና ኦሜጋ ተብለው ይከፈላሉ፤ ኦሜጋዋ እንደ እንስሳ የስሪያ ወቅት ይመጣባታል። «ሪቨርስ ሀረም» ሲባል ደግሞ አንዲት ሴት ብዙ ወንዶች ያፈቅሯታል።

«አልፋ» የሚለው ሐሳብ የተስፋፋው በ1947 ሩዶልፍ ሼንክል በግቢ ታጉረው የነበሩ ተኩላዎችን አጥንቶ ከጻፈ በኋላ ነው። ዴቪድ ሜች በ1970 መጽሐፉ ይህንኑ ደገመው። በ1999 ግን ራሱ አረመው፦ የዱር ተኩላ መንጋ በአብዛኛው እናት፣ አባትና ልጆች ናቸው።

👉 ጎረቤታችሁን ቀይ ቀበሮን ተመልከቱ
ከጎባ ሽቅብ ስትወጡ፣ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የሳነቴ አምባ ላይ ታገኙታላችሁ። በአንድ መንጋ ውስጥ በአብዛኛው የምትወልደው መሪዋ ሴት ብቻ ናት፤ ሌሎቹ ቡችሎቿን በማብላት ያግዟታል። ባሌ ላይ ያጠኑ ተመራማሪዎች እንዳዩት፣ መሪዋ የራሷን መንጋ የበታች ወንዶች እምቢ ትላለች። ከታዩት ግንኙነቶች እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ከጎረቤት መንጋ ወንዶች ጋር ነበሩ። አያችሁ? ቀበሮዋም በስሪያ ወቅቷ ትመርጣለች!

👉 የሰው ገላስ?
✅ ሴት ልጅ የስሪያ ወቅት የላትም። እንቁላል የሚለቀቀው ቀጣዩ የወር አበባ ከመምጣቱ 14 ቀን ገደማ በፊት ነው። እርግዝና ሊፈጠር የሚችለው በ6 ቀን ያህል ውስጥ ነው።
✅ በነዚህ ቀናት ስሜት ትንሽ ሊጨምር ይችላል፤ ላይጨምርም ይችላል። ሁለቱም ጤነኛ ነው። አንቺም ጤነኛ ነሽ።
✅ ስሜት ውሳኔን አይነጥቅም፤ የወንድንም ቢሆን። «ራሴን መቆጣጠር አቃተኝ» የሚለውን ሕክምና እንደ ምክንያት አይቀበለውም።
✅ ስልክ መበርበርና መቆጣት ተፈጥሮ አይደለም፤ ቁጥጥር ነው። ለምታምኛት ሰው ንገሪያት፤ ዝም ብለሽ አትለፊው።

ማንበብሽን ተዪ አልልም። ምናብ በሽታ አይደለም፤ መጽሐፉን ስትዘጊው ያበቃል። እንቅልፍሽን ግን አታስነኪ፤ አዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት አለበት።

⚠️ ያለ ፈቃዷ የተደፈረች ሴት ዛሬውኑ ወደ ጤና ተቋም ትሂድ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያም ቶሎ ሲወሰድ ይበልጥ ይሠራል። ጥፋቱ የእሷ አይደለም።

ለእህቶቻችሁ ብቻ ሳይሆን ለወንድሞቻችሁም ሼር አድርጉላቸው።

ጤና ይብዛላችሁ!