ቀዳም ሥዑር በካርቱም

ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? የካርቱም ጦርነት የፈነዳው በቀዳም ሥዑር ነው፤ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.። የከተማዋ ሙስሊሞች ረመዳንን ሊጨርሱ ጥቂት ቀናት ቀርቷቸዋል፤ እዚያ ሠርተው የሚያድሩት ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ኦርቶዶክሶች ደግሞ በማግስቱ ሊፈስኩ ነበር። ጠዋት በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ተኩስ ተከፈተ፤ አውሮፕላን ማረፊያውም ተዘጋ።

የትንሣኤ ተስፋ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ከዚህ ቀን የተሻለ መነሻ አላገኘሁም። በቀዳም ሥዑር የሚደረገውን አስታውሱ። ካህናቱ ቄጤማ ያድላሉ፣ ምእመናኑ ራሳቸው ላይ ያስሩታል። ርግቧ የጥፋት ውኃ መጉደሉን ለኖኅ ያበሠረችበት ለምለም ቅጠል መታሰቢያ ነው፤ የትንሣኤውም ብሥራት። ጾሙ ግን አልተፈታም! አክፍሎት የያዘ ሰው ከዓርብ ጀምሮ እህል አልቀመሰም፤ ዶሮውም ገና አልተነካም። ምሥራቹ ከፍስኩ ቀድሞ ይነገራል። ለእኔ የትንሣኤ ተስፋ ይኸው ነው፦ ጾሙ ሳይፈታ ቄጤማ ማሰር። "አይዞህ፣ ሁሉም ይስተካከላል" ከሚለው ማጽናኛ እጅግ ይለያል። ካርቱም ውስጥ ስንቱ ነገር ሳይስተካከል ቀርቷል።

ቀጥሎ የሚመጡት 50 ቀናት ደግሞ ይበልጥ ይገርሙኛል። እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ ስግደትም የለም። ካህኑና ሕዝቡ እየተቀባበሉ የክርስቶስን መነሣት፣ የሰይጣንን መታሰር፣ የአዳምን ነጻ መውጣት ያውጃሉ፤ ማሳረጊያው ሰላም ነው። ከካርቱም ሸሽተው መተማ የገቡት ብዙ ሺህ ሰዎች መንገድ ላይ የነበሩት በእነዚሁ ሳምንታት ነው። የሚበላ አጥቶ የዋለው ተጓዥ በሥርዓቱ ጿሚ አልነበረም፤ በዓል ላይ ነበር።

ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው መቃብር ላይ ነው። በጦርነቱ ወቅት መቃብር ስፍራ መድረስ ስላልተቻለ ካርቱም ውስጥ ብዙ ሰው በየግቢው፣ በየመንገዱ ዳር ተቀብሯል። ፍትሐት ያልደረሰለት፣ ያረፈበት የማይታወቅ ሰው ቤተሰብ ምን ይበል? ሕዝቅኤል 37ን ክፈቱ። ነቢዩ በሸለቆው ያያቸው አጥንቶች ስምም ምልክትም አልነበራቸውም፤ ሆኖም ቆሙ። ስለዚህ መርዶ የደረሳቸው ቤተሰቦች አገር ቤት ሆነው አርባና ሰማንያውን ያወጣሉ፤ ነፍሱን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን ብለው ይለምናሉ። (ልመናዋ ለሱዳን ምድር እንግዳ አይደለችም። የጥንት ኑብያ ክርስቲያኖች በመቃብር ድንጋያቸው ላይ ይህንኑ ይቀርጹ ነበር።) ማልቀስም አልተከለከለም፤ ጌታ ራሱ አልዓዛርን ሊያስነሣ ሄዶ አልቅሷል።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልውሰዳችሁ። 1ኛ ቆሮንቶስ 15 ረጅም ምዕራፍ ነው፤ 58 ቁጥር። ጳውሎስ ስለ ሙታን መነሣት ይሟገታል፣ የመጨረሻው መለከት ይነፋል፣ ሞት ድል ይነሣል። ከዚያስ? ምዕራፍ 16 የሚጀምረው በመዋጮ ነው! ለኢየሩሳሌም ምእመናን እያንዳንዱ በየሳምንቱ የመጀመሪያ ቀን እንደ አቅሙ ያስቀምጥ ይላል። ሐዋርያው ከመለከቱ ወደ እድር መዝገብ ለመሻገር ብዙም አልደከመ። ይህ ተስፋ በዘወትር ኑሮ የት ይታያል ለሚለኝ ሰው የማሳየው ይህንን መሻገሪያ ነው። ሙታን እንደሚነሡ ያመነ ሰው ለቀባሪ ያዋጣል፣ ስደተኛ ያሳድራል፣ ልፋቱ ከንቱ እንደማይቀር ስለሚያውቅ ነገም ይደግማል።

እንግዲህ ከሱዳን ተመልሰው በሰፈራችሁ ቤት የተከራዩ ካሉ፣ እድራችሁ የመግቢያውን ክፍያ ትቶላቸው ይመዝግባቸው። በሚቀጥለው ስብሰባ ጉዳዩን እናንተ አንሡት።